ቲቪው ያሳበቀብሽ ነገር

ሰልሲ፣
ውሃ ዛሬ ትመጣለች፣ በርሜሉን ሙዪው።

እሁድ እናትሽ ልትጠይቀን መጥታ ቲቪያችንን ስትከፍት «ዱባይ ለሥራ ለምትሄዱ» የሚሉ ቪዲዮዎች ተደርድረው የመጡት በእኔ ምክንያት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስልኬ ላይ ባንቺ አካውንት ሳያቸው ከረምኩ። በስልክ ያየሁትን ተከትሎ ቲቪው ላይም መሰሉን እንደሚደረድር አላወቅኩም።

አንቺ «ወላሂ እኔ አይደለሁም» ስትዪ፣ እሷ «ትተሽኝ ልትሄጂ ነው» ብላ ስታለቅስ፣ እኔ አጠገባችሁ ሽንኩርት እየላጥኩ ዝም አልኩ።

አሁን ከአካውንትሽ ወጥቻለሁ።

ቀራንዮ እናትሽ ጋ ሄጄ እውነቱን ልነግራት ነው። ዱባይ የምሄደው እኔ ነኝ፣ ሐሙስ። ላንቺ ፊት ለፊት መናገር አቃተኝ።

የእኔ እናት ገና አልሰማችም። ከደወለችልሽ፣ አንቺም ዝም በይልኝ።

ኢክላስ