ወደ ጉልቤ ቤት በራሴ መንገድ

ውድ እማዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ? ያ ቁርጥማት ተወት አደረገሽ ወይስ ደረጃ በወጣሽ ቁጥር አለሁ ይልሻል? ዓይንሽስ? መነጽሩን ታደርጊዋለሽ ወይስ አሁንም ሳጥን ውስጥ አስተኝተሽዋል? አክስቴስ፣ ሳሉ ለቀቃት? ይህን የምታነብልሽ ትንሿ እህቴስ እንዴት ናት? አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላት፤ ደግሞ ከባድ ከባዱን እየዘለልሽ እንዳታልፊ፣ አውቅሻለሁ። እኔ ለጤናዬ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆታችሁ ግን ውሎ ባደረ ቁጥር ይብስብኛል እንጂ አልለመድኩትም።

ደህና ነኝ ልበል እንጂ ቀልቤስ ከእኔ ጋር የለም። ይህን ወረቀት ከያዝኩ ጀምሮ ቁጭ ብድግ እያልኩ ነው። መርከቡ ላይ የምንተኛበት ክፍል ሁለት አልጋ የተነባበረበት፣ ዞር ስል ክርኔ ግድግዳ የሚመታበት ጠባብ ነገር ስለሆነ ለመንቆራጠጥ እንኳ አይመችም። አብራኝ የምታድረው ልጅ ወይ ጻፊ ወይ ውጪ አለችኝና እኔ አንዱንም ሳላደርግ ስትቀር ራሷ ወጣች። አንቺ ይህች ልጅ አንድ ቦታ አትረጋም ትዪ የለ? እውነትሽን ነው፣ ዛሬስ ለራሴም ታከተኝ።

ነገሩ የወንድሜ የጉልቤ ነገር ነው። በስልክ “አለሁ፣ ደህና ነኝ” ይልና ጆሮሽ ላይ ይዘጋዋል፤ አንቺም መርከባችሁ እሱ ያለበት አገር ሲደርስ ሄደሽ በዓይንሽ አይተሽ ምንም ሳትደብቂ ጻፊልኝ ብለሽኝ ነበር። እኔም እሺ ብያለሁ። እነሆ ልጽፍልሽ ነው፣ ግን መጀመሪያ ምን ዓይነት ሞኝነት እንደሠራሁ ልንገርሽ።

ሥራዬን ስንት ጊዜ ባስረዳሽም አሁንም ለጎረቤት “ልጄ መርከብ ላይ ሱቅ አላት” ትያለሽ አሉ። ሱቅ የለኝም፣ እማዬ፣ ጉብኝት ነው የምሸጠው። መርከቡ ወደብ በደረሰ ቁጥር ለሽርሽር የተሳፈሩት ሰዎች ወርደው አገሩን አይተው አመሻሹ ላይ ይመለሳሉ። ከእኔ ቲኬት የቆረጠ በኩባንያው አውቶቡስ ይሄዳል፤ ያልቆረጠ ደግሞ አስቀድሞ በስልክ ከተነጋገረው ሹፌር ጋር፣ ወይም ወደቡ በር ላይ ከሚጠብቁት ባለ ሚኒባሶች ጋር ይስማማል። ታዲያ ሁሉም ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፈው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ከእናንተ ጋር ይሻላል ወይስ በራሴ? እኔም እንደ ዳዊት የምደግመው መልስ አለኝ። ከእኛ ጋር ሄደው አውቶቡሱ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቅዎታል፣ በራስዎ ሄደው ቢዘገዩ ግን ጥሎዎት ይሄዳል እላለሁ። ይህን ስል ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ዝቅ ሲል የበለጠ ያስፈራል ብላ ያስተማረችኝ አለቃዬ ናት።

ውሸት ግን አይደለም። ሰው ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ፣ የገበያ ፌስታል እንዳንጠለጠለ ወደቡ ላይ ሲሮጥ፣ እኛ ደግሞ ከላይ ሆነን ስናየው። ፓስፖርቱን ከካዝና አውጥተን ለወደቡ ወኪል እንተዋለን፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የራሱ ጣጣ ነው። የማልናገረው ነገር ደግሞ አለ። የእኛ ጉብኝት ውድ ነው፣ ሰዉ በቁጥር እየተጠራ ይጫናል፣ አንዱ መጸዳጃ ቤት ገብቶ እስኪወጣ ሌላው ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ተራራውን ከሚያዩበት ጊዜ ይልቅ የብርጭቆ መሸጫ ውስጥ የሚቆሙበት ይበልጣል። ይህን ብናገር ማን ቲኬት ይገዛኛል?

አንድ ጡረተኛ መምህር ተሳፋሪ አሉ፣ ሠራተኛው ሁሉ “ጋሽ በራሴ” ነው የሚላቸው። አንድም ቀን ከእኔ ቲኬት ቆርጠው አያውቁም። እሳቸው የሚፈልጉት ቦታ ሁልጊዜ ከእኛ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ አንድ ቀን የድሮ ባቡር ጣቢያ፣ ሌላ ቀን የሆነ ንብ አርቢ ቤት። እኔ ባስፈራራቸው ቁጥር ይስቃሉ። ከዚያ አውቶቡሶቻችን አርፍደው ሲመጡ እሳቸው ቀድመው ተመልሰው ወደቡ አግዳሚ ላይ አይስክሬም እየላሱ እጃቸውን ያውለበልቡልናል። ዓይናቸውን በጨው ያጠቡ ሽማግሌ ናቸው፣ ግን እወዳቸዋለሁ።

እንግዲህ ባለፈው ጉልቤ ያለበት ወደብ ስንደርስ እኔ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ሰው የማስፈራራበትን ፍርሃት ራሴው ገዛሁት። ብቀርስ፣ ሥራዬን ባጣስ ብዬ በኩባንያው አውቶቡስ ተሳፋሪ አጃቢ ሆኜ ወጣሁ። አውቶቡሱ ጉልቤ የሚኖርበት ኮረብታ ላይ ወዳለው ከተማ ይወጣል፣ አደባባዩ ላይም ለፎቶ ይቆማል። ደወልኩለትና አደባባዩ ላይ ጠብቀኝ፣ በደንብ ተቃቅፈን ሻይ እንጠጣለን አልኩት። እሺ አለኝ። ድምፁ ደስ ብሎት ነበር፣ እማዬ።

ብርጭቆ መሸጫው ላይ ሰዉ አልወጣም አለ። አስጎብኚው ሰዓቱን አየና አደባባዩ ይቀራል አለ። መርከቡ ይጠብቀናል አይደል ወይ ብዬ ለመንኩት። ቢጠብቅስ፣ አስጠበቀ ተብሎ የሚጻፈው በእኔ ላይ ነው አለኝ። ልውረድ ብል ኃላፊነት አለብኝ፣ ሰው ቆጥሬ መመለስ አለብኝ። ምን አለፋሽ፣ አውቶቡሱ አደባባዩን ቀስ ብሎ ዞረው፣ እኔም ወንድሜን በመስኮት አየሁት።

የተተኮሰ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሷል። በብብቱ ሥር ክራንች ይዟል። አንዱን እግሩን መሬት አያስነካም። አንድ ዓይነት አውቶቡሶች ተከታትለን ስለነበር የእያንዳንዱን በር ይከፈት እንደሆን እያየ አንገቱን ያሰግጋል። መስታወቱን ደበደብኩት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ለአገሩ ሰው ሰላምታ የምሰጥ መስሏቸው እሳቸውም ማውለብለብ ጀመሩ። መስታወቱ ጥቁር ነው፣ ከውጭ አያሳይም። ጉልቤ በቀጥታ ወደ እኔ አየና ዓይኑን ወደሚቀጥለው አውቶቡስ አዞረ። ኋላ ስደውልለት ትንሽ ወለም ብሎኝ ነው፣ ደህና ነኝ አለና ዘጋው። በልጅነቱ ከራሱ የሚበልጥ ጆንያ ተሸክሞ ቤት ሲገባ ጉልቤ ብለሽ ስም ያወጣሽለት አንቺ ነሽ፤ ይኸውልሽ፣ ስሙን ላለማሰደብ ሲል ነው የሚዋሸን።

ከዚያ ወዲህ ሰው አይደለሁም። ዓሣ ማጥመድ ለጠየቀኝ የወይን እርሻ ቲኬት እሰጣለሁ። ጋሽ በራሴ ሳይቀሩ ምን ሆነሻል አሉኝና ሁሉን ዘከዘክሁላቸው። አልሳቁብኝም። እዚያ ወደብ ይዟቸው የሄደውን ሹፌር ስልክ ጽፈው ሰጡኝ። ዛሬ መርከቡ ወደዚያው ወደብ ተመልሶ እየገባ ነው። የዕረፍት ቀኔን ጠይቄ አግኝቻለሁ፣ ለሹፌሩም ለጉልቤም ደውያለሁ። ወለሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ልንቆም ነው መሰለኝ። ጫማዬን ላድርግ፣ የቀረውን ኋላ እጽፋለሁ።

እማዬ፣ ከዚህ በታች ያለውን የምጽፍልሽ ሌላ ቦታ ተቀምጬ ነው። አትደንግጪ፣ በተራ ልንገርሽ።

ሹፌሩ ወደቡ በር ላይ ከሁሉም ቀድሞ ቆሞ ነበር። ዝምተኛ፣ ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ መኪናው ያረጀ ቢሆንም ውስጡ የተወለወለ ነው። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ስማቸውን ሳጠፋ የኖርኩት እንዲህ ያሉትን ሰዎች ነው። ፏፏቴው ነው ገበያው ሲለኝ ወንድሜ ቤት አልኩት። እዚያ ሰፈር ከመርከብ የወረደ ሰው ወስጄ አላውቅም ብሎ ሳቀና በአቋራጭ ይዞኝ ወጣ። አውቶቡሶቻችን ሰው ቆጥረው ሳይጨርሱ እኛ ኮረብታው ላይ ነበርን።

ጉልቤ የሚኖረው ከጎማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ ነው፣ በውጭ በኩል ባለ ቀጥ ያለ የብረት ደረጃ ይወጣል። ደረጃውን ሳየው ያንን ክራንች አሰብኩ። በሩን ራሱ ከፈተልኝ። ተቃቀፍን፣ አለቀስን፣ ከዚያ ተሰዳደብን፤ በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ከስቷል እማዬ፣ አልደብቅሽም። ድንችና እንቁላል ሠርቶ ነበር የጠበቀኝ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ።

እግሩ ወለም አላለም፣ ተሰብሯል። ግንብ ሲገነባ ከመወጣጫው እንጨት ላይ ወድቆ ነው፣ ወራት አልፎታል። አጥንቱ ተጣሞ ስለገጠመ እንደገና ተከፍቶ በብረት መያዝ አለበት ብለውታል ሆስፒታል፤ ከቆየ ግን እንደ ድሮው አይራመድም። ሐኪሙም አልጋውም አለ። የጎደለው ምን መሰለሽ? አስታማሚ ነው። አጠገብህ የሚሆን፣ ስትወጣም የሚያነሳህ የሚያስተኛህ ሰው ሳትይዝ አንቀበልህም ብለውታል። የሥራ ጓደኞቹ በየፊናቸው ሌላ ከተማ ሄደዋል። እህቴ ትመጣለች ይላቸዋል፣ እነሱም የታለች ይሉታል። አደባባዩ ላይ የጠበቀኝ ቀን ማታ እግሩ አብጦ አልተኛም ነበር። ለምን ለእኔ እንኳ አልነገርከኝም ብለው አንቺ ነገ ትሄጃለሽ፣ ነግሬሽ ምን ልታደርጊልኝ አለኝ።

ቀኑ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። ልብሱን አጠብኩ፣ ቤቱን ጠረግሁ፣ የጠረግሁትን ደግሜ ጠረግሁ። ደረጃውን ወረድኩ ወጣሁ። ጎማ ጠጋኙ የጠፋብሽ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሹፌሩ ከተቀጣጠርንበት ሰዓት ቀድሞ መጣና ጥሩምባውን አንዴ ነፋ። ቢያረፍድ ኖሮ ሰበብ አገኝ ነበር፣ ምን ዋጋ አለው፣ አላረፈደም። ቦርሳዬን አነሳሁ። በሩ ጋ ደርሼ ቆምኩ። ጉልቤ አልጋው ላይ ተቀምጦ ክራንቹን እያየ ነበር፣ እኔን አያይም።

“ሂጂ፣ እንጀራሽ ነው። መርከቡ ይሄዳል” አለኝ።

“ይሂድ” አልኩት።

ጀግና ሆኜ እንዳይመስልሽ፣ ቦርሳዬን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ ሁለት ጊዜ አንስቻለሁ። ወርጄ ለሹፌሩ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ብቻ ለመርከቡ ሰዎች በሹፌር ምክንያት ቀረሁ እንዳትዪያቸው አለኝ። ነገ ጠዋት ሆስፒታል የሚያደርሰን እሱው ነው። ለአለቃዬ ደወልኩ። እሷም ፓስፖርትሽን ለወኪሉ እተውልሻለሁ፣ የወንድምሽን እግር ፈጣሪ ያድንልሽ አለችኝ። መልሰው ይቀጥሩኛል ብዬ አልዋሽሽም። ወኪሉ ለጊዜው የመቆያ ፈቃድ እንደሚያወጣልኝ ነግሮኛል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ፈርቻለሁ፣ እማዬ። አሁንም ሁለት መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ መስኮቱ ጋ ሄጄ እመለሳለሁ። ከዚህ ወደቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መርከቡ ሲወጣ ቆሜ አየሁት፣ ቢያንስ ያለቀስኩት ለብቻዬ አልነበረም።

ጉልቤ ለእማዬ እንዳትጽፊ፣ ትሸበራለች ብሎ ለምኖኛል። እኔ ግን እውነቱን ብታውቂው ይሻልሻል ብዬ ነው። ሐኪሙ የሚለውን ለትንሿ በስልክ እነግራታለሁ፣ እስከዚያ በሞቴ ምግብሽን ብዪ።

አክስቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ የሳሏን መድኃኒት እንዳታቋርጥ። ትንሿ፣ ጎበዝ፣ እስከዚህ ሳትዘዪ ካነበብሽ ግንባርሽን ስሜሻለሁ፤ አሁን ለእማዬ ውሃ ስጫት። አጎቴ ለጉልቤ ይጸልይለት። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ሱቅ እንደሌለኝ ንገሪያት። ጉልቤም ለሁላችሁም እጅ ነስቷል፤ እያንቀላፋ ነው እንጂ ራሱ ይጽፍ ነበር።

እስከ ዛሬ ለእሱና ለእኔ ለየብቻ ነበር የምታስጽፊልን። ከእንግዲህ በአንድ ፖስታ ላኪልን፣ እማዬ፣ የምንኖረው አንድ ቤት ነው።

ቅብጥብጧ ልጅሽ

ከጉልቤ ቤት፣ ከጎማ ጠጋኙ በላይ
ኅዳር ፲፪ ቀን