በፊደል ተራ

ሰኞ
ይሄ ኤክሴል የሚሉት የኮምፒውተር ጉድ ዛሬም አዋረደኝ። «8-2» ብዬ ጻፍኩ፤ ስምንተኛ ክፍል፣ ምድብ ሁለት ማለቴ ነው። ማሽኑ የፈረንጅ ቀን አድርጎ ቁጭ! አጠፋሁት፣ ደግሜ ጻፍኩ፣ አሁንም ቀን። እኔ ቀን መቼ ጠየቅኩት? ሳጥኑ ሲጠበው ደግሞ ቁጥሩን ውጦ መሰላል የሚመስል ምልክት ይደረድርልኛል።

መካነ ሰላም ውስጥ በታይፕ የሚቀድመኝ አልነበረም። አሥራ ስምንት ዓመት! አሁን የትምህርት ቢሯችን ኃላፊ አቶ ሰይድ በአዲሱ መዋቅር የታይፒስት መደብ ታጥፏል አሉኝ። የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞችን ዝርዝር በኮምፒውተር ሠርቼ ካስረከብኩ ሌላ መደብ ይሰጡኛል። ካልሆነ እንጃ። ልጄን ብቻዬን ነው የማሳድገው።

የስታትስቲክስ ባለሙያዋ ዘምዘም ዛሬም ለሁለት ሰዓት ያህል አስተማረችኝና ለስብሰባ አጅባር ሄደች። «አብሽሪ እትየ፣ አይነክስሽም» ብላኛለች። ይነክሳል እንጂ!

ማክሰኞ
አለቀ! ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ 412 ልጅ ገባ። የቀረው በፊደል ተራ ማሰለፍ ነበር። ስሞቹን ከላይ እስከ ታች በማውስ አጠቆርኩና ዘምዘም ያሳየችኝን ምልክት ነካሁ። ማሽኑ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጠየቀኝ። ከዚያ ሁሉ የማውቃት ቃል «ቀጥል» የምትለዋን ብቻ ስለሆነ እሷን ነካሁ። ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ ከሀ እስከ ፐ ተሰለፉ! እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

በወረቀት አትሜ ለአቶ ሰይድ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት፣ ፈረሙ፣ ማኅተም አሳረፉበት። «የሺ፣ ሠለጠንሽ እኮ!» አሉኝ። በአሥራ ስምንት ዓመት የመጀመሪያው ምስጋና ነው።

ረቡዕ
ዝርዝሩን የያዘው ፍላሽ በማለዳው አውቶብስ ደሴ ወዳለው የዞኑ ትምህርት መምሪያ ሄደ። እኔም ደስ ብሎኝ በቀረው ወረቀት ላይ ዘንድሮ የምትፈተነውን የልጄን ስም ፈለግኩ። «ሐዋ አራጋው» ይላል።

አራጋው ደግሞ ማነው? የሐዋ አባት መኮንን ነው። ሆዴ ውስጥ እያለች ነው የሞተው። ከእሱ ያላት ስሙ ብቻ ነው።

መኮንንን ፈለግኩት፤ ጀማል ጎን ቆሟል። ኃይለ ማርያም ሁሴን፣ ዘይነባ ወልዴ... ወይ ጉዴ! ያሰለፍኩት ልጆቹን ብቻ ነው፤ አባቶቹ ባሉበት ቀርተዋል። ለካስ ማሽኑ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። ሌላ አገር ቢሆን ዓይን ይወጋ ነበር። ወሎ ውስጥ ግን የክርስቲያን ስም ከሙስሊም አባት ጋር ቢያዩ ማን ይገረማል? አቶ ሰይድም አልገረማቸውም።

ወደ ነበረበት የሚመልሰውን ምልክት ፈለግኩ፣ የለም። ሴቭ አድርጌ ዘግቼዋለሁ።

ደሴ ደውዬ «አንዲት ስም ተሳስታለች» ልልና የሐዋን ብቻ ላስቀይር አሰብኩ። ዝም ብል ማን ያውቃል? ሥራዬም ይተርፋል። ያንን በማሰቤ ራሴን ጠላሁት።

ሐሙስ
ነገርኳቸው። አቶ ሰይድ መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ የራሳቸውን ልጅ ፈለጉ። ተሰማ የሚባል ሰው ልጅ ሆኗል። «ያ ረቢ! እኔ ደግሞ ማኅተም አሳርፌበት!» ብለው ራሳቸውን ያዙ።

ደሴ ደወሉ። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት። ዝርዝሩን የተቀበለው ሰውዬ ሳይጠየቅ ማመስገን ጀመረ። «ከሁሉም የእናንተ ነው ጥሩው፤ አንድ ስህተት አላገኘንበትም» አለ። አቶ ሰይድ አዩኝ። እንተወው ይሆን የሚል አስተያየት ነበር።

«ሁሉም ስህተት ነው!» አልኩ፣ በሳቸው ስልክ ላይ ጮኼ። ከየት እንደመጣልኝ እኔንጃ።

እስከ ሰኞ ፈቀዱልን። አቶ ሰይድ ስልኩን ዘግተው ወጡ። ከየትምህርት ቤቱ የመጣውን የእጅ ጽሑፍ አውጥቼ ከአንድ ጀመርኩ።

ቅዳሜ
ዘምዘም ትናንት ተመለሰች። ስነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እኔም ተናድጄ ሳቅኩ። ዛሬ ቢሮውን አስከፍተን እሷ እያነበበች እኔ እየጻፍኩ ጨረስን።

«በይ አሰልፊያቸው» አለችኝ። አንቺ ንኪልኝ ብላት እምቢ አለች። ስሙንም፣ አባቱንም፣ አያቱንም፣ ምድቡንም አንድ ላይ አጠቆርኩ። ነካሁት።

ወርጄ ፈለግኳት። ሐዋ መኮንን። ከላይዋ ያለውንም፣ ከታችዋ ያለውንም ከእጅ ጽሑፉ ጋር አስተያየሁ። 412 ልጅ እያንዳንዱ ከነአባቱ ተነስቶ ከነአባቱ ተቀምጧል። አለቀስኩ።

ስንወጣ አቶ ሰይድን መንገድ ላይ አገኘናቸው። «አለቀ?» አሉኝ። አለቀ አልኳቸው። ስለ መደቤ ምንም አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።