አራተኛው ሳጥን

ለእማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ታላቅ እህቴ ደረጃውን ያለ ከዘራ ትወጣዋለች ብላኛለች። እኔን ለማጽናናት ውሸት እንደማይከብዳት ታውቂያለሽና አንቺው ንገሪኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ምግብ ብቻ አልስማማ ብሎኛል።

ምን እንደምማር ስትጠይቂኝ «ሒሳብ ነው» እያልኩ አልፍሻለሁ። ሒሳብስ ነው፤ የምናሰላው ግን ሰው ነው። አንድ ዘረ መል ከትውልድ ትውልድ ሲተላለፍ ይበዛል ወይስ ይጠፋል የሚለውን በቀመር እንፈልጋለን። ልጅ የሚገድል በሽታ ከልጁ ጋር ተቀብሮ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። ቀመሩ ግን አያልቅም ይላል። በጤነኛ ሰው ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ሁለት ተሸካሚዎች ሲወልዱ ብቅ ይላል።

ባለፈው ሳምንት መምህሩ ሰሌዳ ላይ አወጣኝ። ወንድሟ በእንዲህ ያለ በሽታ የሞተባት ጤነኛ ሴት ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ስንት ነው? ከሁለት ተሸካሚዎች የሚወለድ ልጅ ያለውን ዕድል በአራት ሳጥን ሣልኩ፤ አንዱ ነጻ፣ ሁለቱ ተሸካሚ፣ አራተኛው ታማሚ። ግማሽ ነው አልኩ። መምህሩ ሳቀ።

«ሴትየዋ ጤነኛ ናት አላልንም እንዴ? የታማሚውን ሰርዢው እንጂ! ከሦስት ሁለት ነው።»

ጠመኔውን እንደያዝኩ ቀረሁ። እጄ እምቢ አለኝ፤ በመጨረሻ ራሱ መጥቶ ሰረዘው። የክፍል ጓደኞቼ ሒሳቡ የጠፋኝ መሰላቸው። እኛ ቤት ሰው አይሰረዝማ። ስንት ልጆች አሉሽ ያለሽ ሁሉ፣ እህቴ ክርንሽን ነካ ብታደርግሽም፣ ሦስት የሚል መልስ ነው የሚያገኘው።

እማዬ፣ ወንድሜን ምን ገደለው? ብርድ መታው የሚለውን አሁን ተዪልኝ። ድክ ድክ ማለት የጀመረ ልጅ ብርድ ስለመታው መልሶ መቀመጥ አያቅተውም። ሐኪሙ ለአንቺና ለአባዬ የነገራችሁ የበሽታ ስም አለ። እሱን ስጪኝ። ደማችንን ለምርመራ ልንሰጥ ሄደን የላብራቶሪ ባለሙያዋ «የምንፈልገውን ሳናውቅ ምን እንፈልግላችሁ?» ብላ መለሰችን።

መለሰችን አልኩ አይደል? አዎ፣ እሱም አብሮኝ ነበር፤ የምወደው ኤሌክትሪሻን። የአያቱን ስም የነገርኩሽ ቀን ስልኩ ላይ ዝም አልሽ፤ ከዚያ «ልጄ፣ ይቅርብሽ፣ ተዪው» አልሽኝ። ለምን ስልሽ ድስቱ አረረብኝ ብለሽ ዘጋሽው። ሥራውን የናቅሽ መስሎኝ ተቀየምኩሽ። አሁን የምጽፍልሽም በስልክ ብጠይቅሽ ድስትሽ እንደገና ስለሚያርር ነው። አንቺና አባዬ የሥጋ ዘመዶች ስለሆናችሁ፣ ሰው በወንድሜ ለቅሶ ላይ ሳይቀር ሲያማችሁ እንደነበር እህቴ ነግራኛለች። የእሱ አያትም ከዚያው ከእናንተ ቤተሰብ ናቸው፣ አይደል? ዝም ያልሽው አፍረሽ ከሆነ አትፈሪ። ቀመሩን ከላይ እስከ ታች አይቼዋለሁ፤ ጥፋተኛ የሚባል ነገር የለበትም።

የበሽታውን ስም ብቻ ጻፊልኝ፤ ግን ቶሎ። ሐኪሟ ወሩ ከገፋ ውጤቱ ብዙም አይረዳሽም ብላኛለች። ፈርቻለሁ፣ እማዬ። ተዪው ያልሽኝም ዘግይቶብኛል።

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ጉልበትሽን ያጽናልኝ። ልጆችሽን ለሚጠይቅሽ ሦስት ማለትሽን አትተዪ። የልጅ ልጅስ ላለሽ ግን፣ ስሙን ልከሽልኝ የምርመራው መልስ እስኪመጣ ድረስ፣ ዝም በዪው።

ሦስተኛዋ ልጅሽ