መርከብ ፋቂው ባሌ

ተስፍሽ የኔ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። ለንደን ሆሎዌይ ያለው ቤታችን እንደተውከው ነው ብዬ አልዋሽህም። የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ መስኮቶቹን ቀየራቸው፤ አሁን ጭራሽ አይከፈቱም። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል። ልጃችን ሊያ ዌምብሊ ፍላት ይዛ ወጥታለች፤ ሶፋህን ስትወስድ አልከለከልኳትም። ከምጽዋ ይዘኸው የመጣኸው የመርከብ መፋቂያ ብረት ግን ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ነው። ሁለቴ ልጥለው አንሥቼ መለስኩት።

ከቴሌቪዥኑ በላይ የለጠፍከው ፎቶም አለ። የእንግሊዞቹ የድሮ የባሕር ኃይል መርከብ መጠገኛ፣ መርከቡን በገመድ ስበው አጋድመው ሆዱን የሚፋቁበት፣ ያ በካሪቢያን ደሴት ላይ ያለው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሄጄ አየዋለሁ እያልክ አሰለቸኸኝ። ባለፈው ወር ሊያ እረፍት ወስዳ ይዛኝ ሄደች። አየሁልህ፤ ምንም አልቀረብህም።

ሙቀቱ አይጣል ነው ብለው ሲያስፈራሩኝ ነበር። ምጽዋን የማያውቅ ሰው ወሬ! ዓመቱ አልፎም ያላወለቅኩትን ጥቁር ልብሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ስሄድ፣ ቁምጣ የለበሰች አንዲት አሮጊት የቦታው ትርኢት አካል መስዬአት አብሬሽ ፎቶ ልነሣ አለችኝ። ፊቴን አዞርኩባት።

የመጠገኛው ነገር ያስቃል። መርከብ የሚቀባው ቅጥራን ይቀመጥበት የነበረው ቤት ሆቴል ሆኗል። የመርከብ ሸራ መስፊያው ቤት ጣሪያ የለውም፤ ምሰሶዎቹን ሙሽሮች ተደግፈው ፎቶ ይነሡባቸዋል። ፊት ለፊት የሀብታም ጀልባ ተኮልኩሏል፤ ሁሉም ነጭ፣ ዝገት የሚባል ነገር ያልነካው። ብታያቸው ኖሮ ይሄ መርከብ ነው ወይስ የመታጠቢያ ገንዳ ትል ነበር።

አስጎብኚው የትኛው አድሚራል የት እንደተኛ፣ ምን እንደጠጣ፣ ማንን እንደወደደ ሳይቀር ዘከዘከልን። ሊያን፣ መርከቡን የፋቁት እነማን እንደነበሩ ጠይቂልኝ አልኳት። ባሮች ነበሩ፣ ስማቸው አልተጻፈም አለና ወደ ካናቴራ መሸጫው መራን። ናቅኩት። ለጌቶቹ ስም ስንት ሰሌዳ ተሰቅሎ፣ ለሠራተኛው አንድ መስመር እንኳ ይጠፋል ብዬ አንገሸገሸኝ።

ከዚያ ገመዱ የሚጠቀለልበት ትልቅ እንጨት አጠገብ ቆሜ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ።

በቀብርህ ቀን የተነበበውን የሕይወት ታሪክህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የባሕር ኃይል መኮንን ነበር ብዬ አስነበብኩ። አንተ ግን መርከብ ሥር ተንጋለህ ዝገትና ዛጎል ስትፍቅ የኖርክ ሰው ነህ። ከሥራ ስትመጣ ቅንድብህ ላይ የተጣበቀውን የቀለም ቅርፊት በጥፍሬ አነሣልህ ነበር፤ ዝም ብለህ ትስቃለህ። ለንደን ከመጣንም በኋላ፣ ኤድመንተን መጋዘን አብረውህ ለሚሠሩት ሳይቀር መርከብ ፋቂ ነበርኩ እያልክ በኩራት ታወራ ነበር። በክርኔ የምጎስምህ እኔ ነበርኩ። አፍሬብህ ነው፣ ተስፍሽ። ከዚያ አስጎብኚ በምን እሻላለሁ? እሱስ የማያውቃቸውን ሰዎች ነው የዘለለው፤ እኔ ባሌን ነው።

የመቃብር ድንጋይህ በሚመጣው ወር ይቆማል። እዚያም ላይ መኮንን ብለው እንዲቀርጹ አዝዤ ነበር። እንደተመለስን ሊያ ኢሜይል አድርጋ አስቀየረችው። ወንድምህ ሰምቶ አዋረድሽን ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ይዝጋ! በዕድሜው አንድ ሚስማር መትቶ የማያውቅ ሰውዬ።

አሁን ድንጋዩ ላይ የሚጻፈው ስምህና ከሥሩ አንድ መስመር ነው፤ ምጽዋ ላይ መርከብ ይፍቅ ነበር ይላል። የዚህን አገር ዝናብ ታውቀዋለህ፤ ድንጋዩ ዓመት ሳይሞላው አረንጓዴ ይለብሳል። አይዞህ፣ አልረሳህም። መፋቂያህን በቦርሳዬ ይዤ እየመጣሁ፣ ያቺ መስመር እንዳትሸፈን እኔ እፍቅልሃለሁ።

ሚስትህ