ሚዛኑ ያልተነሳበት ሳምንት

ቬርደን ሂል፣ ሳስካቸዋን
ሴፕቴምበር 17 ቀን 2005

አባዬ፣ የቪክቶሪያ የባሕር አየር ሳንባህን ያሳርፍልኝ፤

ሳልህ እንዴት ነው? አክስቴ ደረጃ መውጣት ጀመረ ብላ ጽፋልኛለች፤ ደስ ብሎኛል። እኔ ደህና ነኝ። እንዳትስቅብኝ እንጂ ዛሬ ጠዋት ራሴን በመስታወት አይቼ «ጎበዝ!» ብዬ ነው ያለፍኩት።

ማክሰኞ በስልክ ያልከኝን አልረሳሁም። «ዌንደል ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረቀቷን ፈርሚና ሥራሽን ያዢ» አልከኝ። እኔም ጆሮህ ላይ ዘጋሁብህ። ስለ መዝጋቴ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፤ ስላለመፈረሜ ግን አልጠይቅም። የዌንደልን ወሬ ሰምተሃል፤ አሁን ደግሞ የእኔን ስማ።

የጎተራውን ሚዛን ታውቀዋለህ፤ ሠላሳ ዓመት አቧራውን ጠጥተሃል። አንተ ከሄድክ ወዲህ ግን መኪና የሚመዘነው በኮምፒውተር ነው። እሱ ካልተነሳ መኪና አይገባም፣ እህልም አይራገፍም። በመከር ወቅት ደግሞ ቀንም ሌሊትም የሚያጠፋው የለም። ባለፈው ቅዳሜ መብረቅ መታና መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ አልነሳ አለ። ጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ ጽሑፍ አንድ ፋይል ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል ይላል፤ የፋይሉንም ስም ይጠራል።

አርብ አዲሱን ማተሚያ የገጠምኩት እኔ ነበርኩ። ለአለቃዬ ለዌንደል ይህ በቃው። ሰኞ ጠዋት ሾፌሮቹ ፊት «አንቺ ልጅ፣ መጨረሻ የነካሽው አንቺ ነሽ! ዲግሪ ይዘሽ መጥተሽ ማሽን ገደልሽብኝ!» ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ «በቸልተኝነቴ ፋይል አጥፍቻለሁ» የሚል ወረቀት አወጣ። ለዋናው መሥሪያ ቤት የሚልከው ጥፋተኛ አስፈልጎታል።

«ያላጠፋሁትን አልፈርምም» አልኩት።

«እንግዲያው ቁልፉን እዚህ አስቀምጪ።»

አስቀመጥኩለት።

ከሳስካቱን ሁለት ባለሙያዎች አስመጣ። እነሱም ስክሪኑ የጠራውን ፋይል ከሲዲ አምጥተው ተኩ። ማሽኑ ያንኑ ክስ ደገመ። እንደገና ተኩ፤ እንደገና ደገመ። ሐሙስ «ዲስኩን ጠርገን እንደ አዲስ እንጭናለን» አሉ። ዲስኩ ላይ እኮ ከኦገስት ጀምሮ የተመዘነው የገበሬው ሁሉ እህል ተመዝግቧል!

ይህን የነገረችኝ ምስር የምታመርተዋ ዶሪን ኮስትዩክ ናት። አርብ ጠዋት ከነጭቃ ጫማዋ ወጥ ቤቴ ገባች።

«ተነሺ ልጄ። ምስር ጭኜ ከቆምኩ ሦስት ቀኔ ነው፤ ሰማዩም ጠቁሯል። ያንን ማሽን ማስነሳት ትችያለሽ ወይስ አትችይም?»

«እችላለሁ። ግን ተባርሬያለሁ።»

«የተባረርሽው ከሥራሽ ነው እንጂ ከጭንቅላትሽ ነው እንዴ? ተነሺ!»

ጎተራው ስንደርስ ዌንደል የሚዛን ቤቱን በር ዘግቶ ቆመ። «ማን ጠራሽ?»

«እኔ» አለችው ዶሪን። «አንተ ዌንደል፣ ወይ በሩን ልቀቅ፣ ወይ ምስሬን ሳሎንህ ውስጥ ላራግፈው።»

ሾፌሮቹ ሳቁ፤ ለቀቀ።

አባዬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የተከሰሰው ፋይል ቦታው ላይ ተቀምጧል፤ ምንም አልሆነም። ማሽኑ ሲነሳ በመጀመሪያ የሚያነባት ሌላ ትንሽ ፋይል አለች፤ አራት አምስት መስመር ብትሆን ነው። ሥራዋ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት በየትኛው የዲስኩ ክፍል እንዳለ መንገር ብቻ ነው። እሷ ከጠፋች ማሽኑ በግምት የመጀመሪያውን ክፍል ይከፍታል። የእኛ ሥርዓት የተጫነው በሁለተኛው ክፍል ነው። ስለዚህ ባዶ ቤት ገብቶ ይፈልግና ያጣውን ፋይል ስም ይጠራል። ባለሙያዎቹ የተከሰሰውን ሲቀያይሩ ሰነበቱ፤ ማሽኑ የት ገብቶ እንደሚፈልግ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ሲዲውን አስገብቼ በመጠገኛው በኩል ገባሁና ዲስኩን በሙሉ እንዲያስስ አዘዝኩት። ሥርዓቱን ሁለተኛው ክፍል ላይ አገኘው። ትንሿን ፋይል እንደ አዲስ ጽፌ እዚያ ልመዝግበው ወይ አለኝ፤ አዎ አልኩ። ምን ስም ልስጠው አለኝ። እዚያ ቦታ ላይ ሰው የፈለገውን ስም መጻፍ ይችላል። «ላሪሳ ህናቲዩክ» ብዬ ጻፍኩ። ማንም ባያየውም፣ ያ ማሽን በተነሳ ቁጥር የአንተን ልጅ ስም ያነባል።

እንደገና አስነሳሁት። ተነሳ። አንድም መዝገብ አልጠፋም።

ከወንበሩ ሳልነሳ የተሰረዙ ፋይሎች የሚጠራቀሙበትን ቅርጫት ከፈትኩ። ትንሿ ፋይል እዚያ ተኝታለች፤ የተሰረዘችበት ቀን መብረቁ ከመምታቱ በፊት የነበረው ረቡዕ ከቀትር በኋላ ይላል፤ ማሽኑ ጠፍቶ እስኪነሳ ድረስ ግን የፈለጋት አልነበረም። እዚያው ከእኛ ጋር የሚሠራው የዌንደል ሚስት ወንድም ትሬንት ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ዲስኩ ሞልቶ ነበር...» አለ። «ምን እንደሆነ ያላወቅኩትን ሁሉ ጠረግኩ።»

«ጎተራ ላጸዳ ብለህ አንዲት ፍሬ ምስር ለቀምክ!» አለችው ዶሪን።

ወደ ዌንደል ዞርኩ። «ያን ረቡዕ ከቀትር በኋላ እኔ የት ነበርኩ?»

ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

«ከእርስዎ ጋር ሳስካቱን ነበርኩ። ማተሚያውን ስንገዛ።»

«በቃ፣ ያለፈው አልፏል» አለና ቁልፉን ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም። መኪና የሚጠራበትን ማይክራፎን አሳየሁት። «የሰደቡኝ ሾፌር ፊት ነው፤ ሾፌር ፊት ይመልሱልኝ» አልኩት።

ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ እስከ ባቡር ሐዲዱ ተሰማ፤ «ጥፋቱ የላሪሳ አልነበረም። የመጀመሪያው መኪና ይግባ!» አፍታም አላረፈባት። ሾፌሮቹ ግን ለአንድ ደቂቃ ያህል ጡሩንባ ነፉልኝ። ዝናቡ የጀመረው የመጨረሻው መኪና ካራገፈ በኋላ ነው።

ቁልፉን ወሰድኩ፤ እስከ መከሩ መጨረሻ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የት እንደምሠራ የምመርጠው እኔ ነኝ። ትናንት ማታ ዶሪን አንድ ድስት ፒሮጊ፣ ያንን ድንች የተሞላ የሊጥ ቅቅል፣ ላከችልኝ። ሽንኩርቱ አሯል፤ ሁሉንም በላሁት።

አባዬ፣ ማክሰኞ ስልኩ ሲጮኽ አንተ መሆንህን አውቄ ነበር። «አላጠፋሁም» ለማለት ተዘጋጅቼ ነው ያነሳሁት። አንተ ግን አልጠየቅከኝም። ዌንደል የሃያ ዓመት ወዳጅህ ነው፤ ይገባኛል። እኔ ደግሞ የሃያ አራት ዓመት ልጅህ ነኝ።

ነገ እሑድ ነው፤ ደውልልኝ። አሁንም ብትጠይቀኝ እመልስልሃለሁ።

ትንፋሽህ ይርዘም፤ ደረጃው ሁሉ ሜዳ ይሁንልህ።

ልጅህ፣
ላሪሳ