እናቴን የደበቅህብኝ አራት ዓመታት

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን በወጉ አውጥተናል። ቄሱም ጎረቤቱም ደግነትህን መስክሮ ሄደ፤ እኔም አብሬ «እውነት ነው» አልኩ። ግን ሆዴ ውስጥ የቀረ ነገር አለ። ለሰው ባወራው ሙት መውቀስ ይሆንብኛል፤ ስለዚህ ለራስህ ልጻፈው።

ከማስተምርበት ከደብረ ማርቆስ እሑድ እሑድ ስደውል ስልኩን የምታነሳው አንተ ነበርክ። እማዬን አቅርብልኝ ስልህ ወይ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ ወይ ተኝታለች ትለኛለህ። ለፋሲካ ይጁቤ እናንተ ዘንድ ስመጣ ከአጠገቧ አትጠፋም፤ እሷን የጠየቅኳትን ቀድመህ አንተ ትመልሳለህ። እኔ ፍቅር መስሎኝ ተመልሼ ደብረ ማርቆስ እስክደርስ በመንገዱ ሁሉ እቀናባችሁ ነበር።

በቀብርህ ማግስት እማዬ ድንኳኑ መሀል ቆማ፣ ይህ ሁሉ ሰው የማን ሠርግ ላይ እንደመጣ ጠየቀችኝ። ኀዘኑ ነው ብዬ አቀፍኳት። ያን ጊዜ ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ።

«ኀዘኑ አይደለም ልጄ» አሉኝ። «መርሳት ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። አባትሽ እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነው።»

ወንድሜ በላይም ያውቅ ነበር። ባሕር ዳር ላለው ወንድ ልጅህ ነግረህ፣ እዚህ አፍንጫህ ሥር ላለሁት ሴት ልጅህ ደበቅህ። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ ማስተማሯን ጥላ ትመጣለች ብለህ ፈርተህ እንደሆነ ነገረኝ። ለእኔ ማሰብህ ነበር አሉ።

አናጢ ነህና ምስጢርህ በቤቱ ሁሉ ላይ ይታያል። የበሩን መቀርቀሪያ እሷ ቀና ብላ ከማታየው ቦታ፣ ከላይ መትተኸዋል። ቢላዎቹን ሳጥን ሠርተህ ቆልፈህባቸዋል። የግድግዳውን መስታወት አውርደህ አልጋ ሥር ከተኸዋል። የመስታወቱ ነገር አልገባኝምና መልሼ ሰቀልኩት። እማዬ የማላውቃት አሮጊት ቤቴ ገብታለች እያለች ስትጮህ ዋለች። አባዬ፣ በአንዲት ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ብትተውልኝ ምን ነበረበት?

ከአርባህ በኋላ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ተከራየሁት ቤት ወሰድኳት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ተበርግዷል፣ እሷ የለችም። እስኪመሽ ስንፈልጋት ቆይተን አንድ ባለ ባጃጅ ወደ ይጁቤ በሚወስደው መንገድ ዳር አገኛት፤ አንድ እግሯ ጫማ አልነበረውም። ወዴት ነው ሲላት «ቤቴ» አለችው። እውነቷን ነበር። የለመደችውን ቤት፣ የለመደችውን ጎረቤት ማስለቀቅ አልነበረብኝም። ዝውውር ጠይቄ ይጁቤ ተመለስኩ። አንተ የፈራኸውም ይኸው ነበር፤ ግን ደመወዜም ማስተማሬም አብረውኝ መጡ።

አንተን በጠየቀችኝ ቁጥር ሞቷል እላት ነበር። መዋሸት የአባቴ ሥራ ነው፣ እኔ አልዋሻትም ብዬ። እሷ በየጊዜው እንደ አዲስ ደረቷን ትደቃለች፤ ከዚያ ትረሳና ደግማ ትጠይቀኛለች። በአንድ ሳምንት ስምንት ጊዜ ቀበርንህ። ያስተወችኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። ክርክሩን ተይው፣ ከቃሏ ይልቅ ስሜቷን ስሚ አለችኝ። አሁን የት ሄደ ስትለኝ «ናፈቀሽ?» እላታለሁ። ስለ አንተ ታወራልኝና ትረጋጋለች።

ሌላውንም ቀስ በቀስ ተማርኩ። ታስታውሺኛለሽ ወይ ብዬ መፈተን ትቻለሁ፤ ስገባ ስሜን ራሴ እነግራታለሁ። ሳጥባት ውኃውን ለብ አድርጌ ትከሻዋን በጋቢ ሸፍኜ ከእግሯ እጀምራለሁ፤ የማደርገውንም እየነገርኳት። ሥራ እንዳትፈታ ምስር አቀርብላታለሁ፣ ስትለቅም ትውላለች፤ ባይጠራም ግድ የለኝም። ስሟንና ስልኬን በነጠላዋ ጠርዝ ላይ ሰፍቻለሁ። አንድ ሰሞን በድንገት ስትቆጣና ስትቃዥ በሽታው ባሰ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ለካ ሽንቷን እያመማት ኖሯል። በመድኃኒት ተሻላት። ጸሎቷን ግን አልረሳችም። አቡነ ዘበሰማያትን ከአፌ ነጥቃ ትጨርሰዋለች።

መሐላህንም አፍርሼዋለሁ። በዕድሩ ስብሰባ ላይ ቆሜ እናቴ የመርሳት በሽታ አለባት፣ ብቻዋን ካያችኋት መልሱልኝ አልኩ። ሐሜትም ፈርተህ ከሆነ፣ አልመጣም። ከገበያ ሁለት ጊዜ እጇን ይዘው አምጥተውልኛል። ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ ሙሉ አብረዋት ይቀመጣሉ፤ እኔ እተኛለሁ ወይም ጸጉሬን እሠራለሁ። አንተ እንዲህ ያለ ከሰዓት አንድም አልነበረህም። ራስ ምታቱን ድካም ነው እያልክ፣ የደም ግፊትህን ሳትለካ ወድቀህ ቀረህ። እሱንም ደብቀኸኛል።

የምጽፍልህ ግን ባለፈው ሳምንት በሆነው ነገር ነው። ከሰዓት በረንዳው ላይ ጸጉሯን እያበጠርኩላት የማን ልጅ ነሽ አለችኝ። ያንቺ አልኳት። ሳቀች፤ በትሕትና፣ ለእንግዳ እንደሚሳቅ።

«እኔም ሴት ልጅ አለችኝ» አለች። «ማርቆስ ታስተምራለች። አባቷ እንዳትነግሪያት ይለኛል። እኔ ግን ገና ሳልረሳት ትምጣልኝ ብዬው ነበር።»

ማበጠሪያውን አስቀመጥኩ። ለካ እሷም ታውቅ ኖሯል። ለካ ጠርታኝ ነበር። አንተ መሀል ቆመህ ጥሪዋን አስቀረኸው፤ ስሜን እያወቀች ልታየኝ የምትችልበትን ዘመን ለብቻህ ጨረስከው። ቤቴን፣ ሥራዬን ልትጠብቅልኝ ብለህ እናቴን ወሰድክብኝ።

«መጥታለች» አልኳት። ዞራ ፊቴን አየችኝ፤ አላወቀችኝም። ግን እጄን ይዛ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣ እስኪመሽ አልለቀቀችውም።

ይቅር እንድልህ ትጠብቅ ይሆናል። አባዬ፣ ገና ነኝ። ብቻህን ስታጥባት፣ ስትከተላት፣ ስትሸፍናት የኖርከውን ሳስብ እጅህን መሳም ያምረኛል፤ ወዲያው ደግሞ ያ ንግግሯ ይመጣብኛል። ሁለቱንም ይዤ እኖራለሁ። እማዬ አንድ ቀን አንተንም ፈጽማ ትረሳሃለች፣ ነርሷ አስጠንቅቃኛለች። ያን ጊዜ የማስታውስህ እኔ ነኝ፤ ደግነትህን ብቻ ሳይሆን፣ የበደልከኝንም ሳልቀንስ፣ እንደነበርክ አስታውስሃለሁ።

ልጅህ ብርቱካን
ይጁቤ