ዛሪማ ያልደረሰው ሐዲድ

ለምወድህ ወንድሜ ለአያ አላምረው፣

ሰላምህ ይብዛልኝ። እንደምን ከርመሃል? የድሬዳዋ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? ያ ራስ ምታትህ ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ ሕሊናስ እንዴት ናት? ሆዷ ገፍቷል ሲሉ ሰምተናል፤ እመቤቴ ማርያም በሰላም ታገላግላት። እኛ የአባዬ ሐዘንና የአንተ ናፍቆት ካልሆነ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ስልኬን አላነሣ ስላልህ፣ የሰፈራችን ልጅ አቢ ወደዚያ ለንግድ ሲሄድ ይህን ወረቀት በእጁ ልኬልሃለሁ።

እዚያ ያሉት የአገራችን ልጆች እነ አንዳርጋቸው ማለዳ ቤትህ መጥተው የአባዬን መርዶ እንዳረዱህ ሰምተናል። መንገዱ ተዘግቶ ለቀብሩ አለመድረስህን እዚህ ማንም ጥፋት ብሎ አልቆጠረብህም። ያልቀበርኩት አባቴ ቤት በምን ዓይኔ እገባለሁ ማለትህን ሕሊና ስትነግረኝ ግን አዘንኩ። ተናደድኩም፣ አልዋሽህም።

አሁን ስለ ባቡራችሁ ልንገርህ። አባዬ በወጣትነቱ ከድሬዳዋ የባቡር ጋራዥ ይዟት የመጣው ትንሿ የመጫወቻ ባቡር ደህና ናት፤ እማዬ ሣጥኗ ውስጥ ቆልፋባት ነበር። አንተና አባዬ ጓዳ ውስጥ ሰፊ ጣውላ ላይ በትንሹ አስመስላችሁ የሠራችሁት፣ ከጠዳ እስከ ደባርቅ ያለው አገር ሁሉ ግን ፈረሰ። ለቅሶው ዕለት ሰው በዝቶ መቀመጫ ጠፋ። እድርተኞቹ ጓዳ ገብተው ጣውላውን ሲያዩ እሰየው ብለው የሽቦ ሐዲዱን ነቃቀሉት፤ ጣውላውንም በየቁመቱ ሰንጥቀው አግዳሚ ወንበር አደረጉት። እኔ ደረቴን እየደቃሁ ምን አይቼ! የስሜን ተራሮችን ደግሞ ጎረቤታችን እታገኘሁ የወዳደቀ ጀሶ መስሏት ደጅ አወጣቻቸው፤ የጳጉሜን ዝናብ ጨረሳቸው።

ወንበሮቹ ከእድሩ ዕቃ ጋር ተጭነው ሄዱ። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ብጠይቅ፣ የእድሩ ዳኛ አያ እንግዳው እንዳይጠፉ በቀይ ቀለም የቁስቋም እድር ብለው ጽፈውባቸዋል። ጉዳዩን ስነግራቸው ሽማግሌው በጣም አፈሩ። ምነው ሳትነግሩን፣ የሟቹን ድካም ነው ለካ የተቀመጥንበት ብለው፣ ጣውላዎቹን ራሳቸው አስመጡልኝ። ቀለሙን ልፍቀው ስል እማዬ እጄን ያዘችኝ። ተይው፣ የቀበሩት ሰዎች የተቀመጡበት ነው አለች። ስለዚህ የአዘዞ ጣቢያ አሁን እድር የሚለው ቃል ላይ ቆሟል። አባዬ ቢያየው ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

እንግዲህ መልሼ ልሠራው ተነሣሁ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ጥበቡ ለአንተ፣ ምላሱ ለእኔ ደረሰን። መጀመሪያ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሣልኩት። እማዬ ጎንደር በመስኮቱ በኩል ነበር ስትል፣ እኔ በበሩ በኩል ነው ስል ተጨቃጨቅን። ኋላ አባዬ ሁልጊዜ ጠዳ አጠገብ እንደሚቀመጥ ትዝ አለን። የበርጩማው እግሮች ወለሉን የበሉበት ቦታ አሁንም አለ፤ ከዚያ ተነሥተን ለካነው። እማዬ ቦታውን በእጇ እየዳበሰች አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ጣውላዎቹን ገጥሜ ሐዲዱን ዘረጋሁ፤ ተራሮቹንም እንደገና በጀሶ ሠራኋቸው። ራስ ዳሸን ግመል መስሎብኛል፤ አትሣቅብኝ።

ባቡሯ አሁን ከጠዳ ተነሥታ ደባርቅ ትደርሳለች። ከዚያ ወዲያ የሊማሊሞ ቁልቁለት ነው፤ እሱን አላወቅሁበትም። አባዬ እማዬን ትውልድ አገሯ ዛሪማ ድረስ በባቡር አወርድሻለሁ እያለ ሲቀልድባት ታስታውሳለህ። አንተ ከሄድህ ወዲህ በዚያ በኩል አንዲት ሽቦ አላስነካም፤ አላምረው ሲመጣ ይል ነበር። እኔ ብሞክረው ባቡሯ ጠመዝማዛው ላይ እየዘለለች ትወድቃለች። አናጢ ልጥራ ብል እማዬ በጄ አላለችም።

በየቀኑ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጓዳ ትገባና አስነሺልኝ ትለኛለች። ሐዲዱ ደባርቅ ላይ ስለሚያልቅ፣ እሷ ከጣውላው ጫፍ ሥር ተቀምጣ ነጠላዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትጠብቃለች። ባቡሯም እየሮጠች መጥታ ጭኗ ላይ ዱብ ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን አብረን እንሥቅ ነበር። አሁን ባቡሯን እንደታቀፈች ልጄ መቼ ነው የሚመጣው ትለኛለች እንጂ ስለ ዛሪማ አንድም ነገር አታነሣም።

ወንድሜ፣ መንገዱ ተከፍቷልና ና። መቃብሩ ላይ አብረን ሄደን እናለቅሳለን፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እማዬ ግን ዓይኗ እየደከመ ነው። ባለፈው እሑድ ባቡሯ በጎኗ አልፋ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ አላየቻትም። ነጠላዋን እንደዘረጋች፣ ውዴ፣ ገና አልመጣችም ወይ አለችኝ። ገና ናት እማዬ አልኳት።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ ለሕሊና ሆድም ምርቃት ልካለች። እታገኘሁ ስለ ተራሮቹ ይቅር በለኝ ብላ ሰላም ትልሃለች። አያ እንግዳውም እግዜር ያጥናህ ብለውሃል። ከአባዬ ሰላምታ የሌለበት ደብዳቤ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እህትህ ውዴ
ጎንደር፣ ቁስቋም
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.